የአጋዘን ቀንድ ቀለሙን ከየት ያመጣል? የሁለት ቢላዋ እጀታ ማስታወሻ

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ለፋሲካ ሁለት የቁርጥ ቢላዋ ልሠራ ነው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ። ስለቱን ተሠርቶ ገዝቼዋለሁ፤ የእኔ ሥራ እጀታው ነው። እጀታውን ከአጋዘን ቀንድ ላደርገው አስቤያለሁ። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አጋዘን እንደ ድመት በየጓሮው ነው። ጎመኔን ሁለት ዓመት ሙሉ በልተውብኛል። ካሳ ይገባኛል።

የሥራ ባልደረባዬ ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ የቤተሰብ እርሻ አለው። አዳኝ ነው። "ና፣ የወደቀ ቀንድ እንልቀም" አለኝ። እዚህ ወንዱ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን ይጥላል፤ አብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ። ሳሩ ሳያድግ መልቀም ነው። እግረ መንገዴን፦ ይሄ በግል መሬት፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ነው። ሸናንዶህን በመሰለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወድቆ ያገኙትን ቀንድ እንኳ ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞርን። አጥር የሚዘሉበትን ቦታ፣ ፀሐይ የሚሞቁበትን ቁልቁለት፣ ጥዱ ጥቅጥቅ ያለበትን ሁሉ አየን። እኔ ያገኘሁት አንድ ነው፤ ሜዳው መሃል፣ ሳር ውስጥ። ከላይ ነጭ ሆኗል። መሬቱን የነካው ጎን አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዟል። ጫፉን አይጥ ፈግፍጎታል።

ባልደረባዬ አገላብጦ አየውና ሳቀ። "የዚህ ጥንድ እኔ ጋ አለ" አለ። ጎተራው ገብቶ ግራውን ይዞ መጣ። ግንባሩ አካባቢ ያለችው የመጀመሪያዋ ቅርንጫፍ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጠመም ብላለች። የአንድ አጋዘን ናቸው፣ የአንድ ዓመት። ግራውን ያገኘው አምና በመጋቢት፣ እንደወደቀ፣ ጥድ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ከረመ። ቀኙ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ነበር።

ግራው የተቆላ ቡና ይመስላል። ቀኙ የተለሰነ ግድግዳ። ሁለቱንም ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ሱሪዬ ላይ ሁለት መዥገር አገኘሁ። በዚህ ብርድም አይተኙም።

የካቲት 9፣ እሑድ

እማዬ ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው። "ይሄ አጥንት ነው እንጂ ምኑ ቀንድ ነው? አንሳልኝ ከዚህ" አለች። ሳታስበው ትክክል ተናገረች።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንዱ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘውን ትልቁን እንስሳ ነው፤ የድኩላ የቅርብ ዘመድ። የእሱ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ነው። ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ደግሞ ጥፍራችን የተሠራበት ኬራቲን። አይረግፍም። የቨርጂኒያው ግን ሌላ ወገን ነው። በአፍሪካ ምድር የዚህ ወገን የዱር ዘመድ በተፈጥሮ ያለው ሰሜን አፍሪካ ብቻ ነው። ምናልባት የዳዊት መዝሙሩ ዋላ ይቀርበው ይሆናል። እኔ ግን አሜሪካ ያለ አበሻ ሁሉ እንደሚለው አጋዘን ማለቴን እቀጥላለሁ።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ የዚህኛው ቀንድ ሽፋን የለውም። ራቁቱን የወጣ አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ ነጭ ነው። ታዲያ ግራው ምን አጠቆረው?

ባልደረባዬ እንደሚለው አዳኞች በዚህ ይከራከራሉ። አንዱ ምግቡና አፈሩ ነው ይላል። አንዱ ዘሩ ነው ይላል። አንዱ ዛፉ ነው ይላል። ዘር፣ ምግብና ዕድሜ የቀንዱን ቅርጽና መጠን እንደሚወስኑ የታወቀ ነው። ቀለሙን ግን? እኔ እጅ ላይ ያለው ጥንድ አንድ ነገር ይናገራል። ዘሩ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፤ ቀለሙ ግን ሁለት። እርግጥ ይሄ ከወደቀ በኋላ የሆነውን ብቻ ነው የሚነግረኝ። አናቱ ላይ ሳለ ለምን ቡናማ ሆነ የሚለው ገና አልተመለሰም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ግራው ያምራል፤ በሱ እጀምርና ለቀኙ መላ እፈልጋለሁ። ግራውን ሞርሳ ላይ አሰርኩ፣ 12 ሳንቲሜትር ቆረጥኩ። አፉና አፍንጫው በማስክ ካልተሸፈነ ይሄን ሥራ ማንም እንዳይሞክረው። ብናኙ የአጥንት ነው፤ ሽታውም የተቃጠለ ፀጉር። ከዚያ እጅ ላይ እንዳይቆረቁር ብዬ ጉብታዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። አራት አምስት ጊዜ ብቻ።

ነጭ ሆነ! ቡናማው ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው እንደ ጥርስ የነጣ አጥንት ነው። ደንግጬ ሌላ ጎኑን ሞከርኩ። እዚያም ያው። ያ ሁሉ ቡናማ ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

የተሳሳትኩት በዋንጫ ስለምገምት ነው። አያቴ ቤት ጥቁር የቀንድ ዋንጫ ነበር። ብትፍቀው ጥቁር፣ ቢሰበር ስባሪው ጥቁር። በከብት ቀንድ ላይ ማቅለሚያው፣ ሜላኒን የሚባለው፣ ከኬራቲኑ ጋር አብሮ ያድጋል። እስከ ውስጥ ይዘልቃል። የአጋዘኑ ግን ከላይ የተቀባ ነው። ማን ቀባው? በምን?

አሁን ሁለት ነጭ ቀንድ አለኝ ማለት ነው። ቢያንስ ተመሳሰሉ።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። የደም ሙከራ ካለ ዛሬ ነው። ነገ ደም ይዤ ወጥ ቤት ብገባ እማዬ አገር ቤት በመጣችበት አውሮፕላን ትመለሳለች።

ደም ለምን? ባልደረባዬ እርሻው ላይ ዛፍ ላይ ያሰረው ካሜራ አለ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የተነሳ ፎቶ አሳየኝ። ቀንዱ ደም የለበሰ ነጭ ነው፤ ቡናማ የሚባል ነገር የለበትም። ቆዳው ቁርጥራጭ ሆኖ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጸደይ ጀምሮ ቀንዱ ሲያድግ ከፈይ የመሰለ ፀጉራም ቆዳ ይሸፍነዋል። ቆዳው በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ቀንዱን የሚመግበው እሱ ነው። በበጋው መጨረሻ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይጨምራል፣ ቀንዱ ይጠነክራል፣ ቆዳው ይሞታል። አጋዘኑ ቁጥቋጦ ላይ እያሸ ይገፈዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለም ደም ነው። ለዱለት ከገዛነው ጉበት የወጣውን ደም በትንሽ ሰሃን አጠራቀምኩ። የሥጋው ማሸጊያ ውስጥ ያለው ቀይ ውሃ አይሆንም፤ እሱ በአብዛኛው ውሃና ሚዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ሁለት ቁራጭ ቀባሁ። አንዱን ጋራዥ አስቀመጥኩ። ሌላውን ለዛፉ ሙከራ።

ሌላ ሁለት ቁራጭ ደግሞ ከመጀመሪያው ቡናማ ጎን ቆርጬ፣ ግማሻቸውን በፎይል ጠቅልዬ የጓሮ አጥሩ ላይ በሽቦ አሰርኩ። ፀሐይ ምን እንደምታደርግ ላይ።

ዱለቱ ጣፋጭ ነበር።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የደሙ ውጤት። የመጀመሪያ ቀን ደማቅ ቀይ። በሦስተኛው ቀን የደረቀ ቁስል መሰለ። ዛሬ ቡናማ ነው። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን አየር ሲያገኘው የሚሆነው ይሄ ነው፤ ነጠላ ላይ የነጠበ ደም ሲቆይ የሚመስለውን ማንም ያውቀዋል። ግን እርጥብ ጨርቅ ሳሳልፍበት ከግማሽ በላይ ለቀቀ። የቀረው ቦዮቹና ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባው ነው። ደም ብቻውን ዝናብ አይችልም።

ከሰዓት እርሻው ሄድኩ። የተፈገፈጉ ዛፎችን አየን። ውፍረታቸው ከአውራ ጣት እስከ ክንድ ነው፤ ቅርፊታቸው ከጉልበት እስከ ወገብ ተልጧል። ምርጫቸው ሽታ ያለው ዛፍ ነው፦ ጥድ፣ ፓይን፣ ሳሳፍራስ። የሚፈገፍጉትም በቀንዱ ጫፍ ሳይሆን በሥሩና በግንባራቸው ነው። ግንባራቸው ላይ ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ አለ፤ ለሌላው ወንድ መልእክት መተዋቸው ነው። ሸምገል ያሉት ቀድመው ይጀምራሉ፣ ብዙም ይፈገፍጋሉ።

እዚህ ሴዳር የሚሉት ዛፍ እውነተኛ ሴዳር አይደለም። ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ የሥጋ ዘመድ። ሁለቱም ለእርሳስ እንጨት ሲቆረጡ የኖሩ ናቸው። ቅርንጫፉን ስልጠው ሽታው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስገባኝ። ባልደረባዬ ለምን ዝም እንዳልኩ አልገባውም።

ደም የተቀባውን ሁለተኛ ቁራጭ በዚህ እርጥብ ልጥ ግማሽ ሰዓት አሸሁት። ክንዴ ዛለ። አጋዘኑ ይሄን ስንት ወር ሙሉ ነው የሚሠራው!

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ጥዱ ሠራ። መጀመሪያ ቁራጩ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ይዞ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ አየር ሲያገኘው ጠቆረ፤ የተቆረጠ ፖም እንደሚጠቁረው። በየማታው አሥር አሥር ደቂቃ ደገምኩት። ዛሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። አልለቅም አለ። ሙጫው ደሙን ይዞታል። ከእጄ ላይ ያለውን ቆሻሻም ሳይዝ አልቀረም፤ ዱር ውስጥም አፈሩና አቧራው እንዲሁ መጣበቁ አይቀርም።

ደስ ያለኝ ሌላ ነው። ቀለሙ የተቀመጠበት ቦታ ልክ እንደ እውነተኛው ነው። ሥሩ አካባቢ፣ ኪንታሮት የመሰሉ ጉብታዎች ባሉበት፣ ጠቆረ። ጫፉ ግን ነጭ ቀረ። ጫፉ ጥቅጥቅና ልሙጥ ነው፤ ቀለም የሚይዝበት የለውም። የያዘውንም ሲጋጭ ያራግፈዋል። ስለዚህ ቡናማው የሚጠቁረው ብዙ በሚታሽበትና ሻካራ በሆነበት ነው። የሚፈገፍጉት ዛፍ የሌለበት በረት ውስጥ ያደጉ አጋዘኖች ቀንዳቸው ነጣ ያለ ነው ሲባል የሰማሁት አሁን ገባኝ።

ባልደረባዬ የምዕራብ ጠረፍ አዳኞች ቀላ ያለ ቀንድ እንደሚያገኙ ነገረኝ። እዚያ ቀይ አልደር የሚባል ዛፍ በሽ ነው። የዚያ ዛፍ ልጥ ሲቆረጥ ወዲያው ብርቱካንማ ይሆናል። አላየሁትም፤ ግን አሁን ለማመን አይከብደኝም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ጥድ እያሹ ሁለት እጀታ መጨረስ እስከ ዳግም ትንሣኤም አይደርስም። አቋራጭ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቀን ተዘፍዝፏል።

ሻይ፦ የሳሳ ገለባ ቀለም። ቦዮቹ ትንሽ ጠቆር ብለዋል። የሚጠላ አይደለም።

ቡና፦ ሦስተኛ የወጣ አተላ ነበር፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቢጫ ብቻ የሆነው። እማዬ "በረካ ለአጥንት!" ብላ አለፈች።

የጥቁር ዋልነት ልጣጭ፦ ባልደረባዬ ጎተራ ውስጥ ከመኸር ጀምሮ በባልዲ የጠቆረ ነበረው። ግሩም ቡናማ። ግን ጓንት ሳላደርግ ነካሁት። ዛሬ ጣቶቼ እንሶስላ የሞቀ ሙሽራ ይመስላሉ፣ መልኩ ብቻ የከሰለ። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ምንም አይነካውም። ሰኞ ቢሮ እንዲሁ መግባቴ ነው።

ሻይ ከዝገት ጋር፦ የዛገ ሚስማር አቼቶ ውስጥ አሳደርኩና ከሻዩ ቀላቀልኩ። ቁራጩ ጥቁር ግራጫ ሆነ። ሻይና የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይወጣዋል፤ የድሮ ሰዎች የጽሕፈት ቀለም የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ታኒን የበዛበት ቅርፊትና ብረት ያለው ጭቃ ከተገናኙ አንዳንድ ቀንድ ከቡናማ አልፎ ለምን እንደሚጠቁር ይሄ ያስረዳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ለእጀታ አይሆንም። አቼቶው የቀንዱን ማዕድን በልቶ ላዩን አለሳልሶታል። ጥፍሬ ምልክት ይተውበታል።

በረኪናም አልሞከርኩም፣ ማንም አይሞክር። ቀንዱን አንድ ላይ የያዘውን ኮላጅን ያፈርሰዋል፣ የሚቀረው ጠመኔ ነው። ማንጣት የፈለገ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻለዋል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ዋልነቱን ለመጠቀም ወስኜ ነበር። ባልዲው ግን ለሁለት እጀታ አይበቃም። ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፖታሲየም ፐርማንጋኔት አመጣሁ። ሩብ የሻይ ማንኪያ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ። ውሃው ኃይለኛ ወይን ጠጅ ይሆናል። ቀንዱ ሲገባ ወይን ጠጅ፣ ሲወጣ ደቂቃ ሳይሞላ ቡናማ። ፐርማንጋኔቱ ከቀንዱ ጋር ሲነካካ ወደ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ቡናማው እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ጓንቴን አድርጌአለሁ። ይሄ ዕቃ ከግሊሰሪን ወይም ከአልኮል ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ እሳት ያስነሳል።

ሦስት ጊዜ ነከርኩ። ከዚያ ጉብታዎቹን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ነካ ነካ አደረግሁ። ከፍ ያለው ነጣ፣ ቦዩ ጠቆረ። ከአንድ ክንድ ርቀት ጎተራ ውስጥ ካየሁት ቀንድ አይለይም።

ከቅርብ ግን ይለያል። የዛፉ ቡናማ እየቀላ፣ እየጠቆረ፣ ቦታ ቦታ እየቀያየረ ነው የሚሄድ። የእኔው ሁሉም ጋ አንድ ነው። ትንሽ ቅር አለኝ። ስለዚህ በላዩ የተረፈኝን የዋልነት ውሃ በብሩሽ፣ እንደ ነገሩ፣ እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ አደረግሁበት። አሁን ይሻላል።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ገጠማ። የቀኙ ላይ ፀሐይ ያወጣችው ስንጥቅ ስለነበር ቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጣሁት። የቀንዱ መሃል እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው፤ ለእኔ ጥቅም ነው። በትራፓኖ አስፍቼ፣ የስለቱን ጭራ አስገብቼ፣ ኤፖክሲ ሞላሁት። ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ሃያ አራት ሰዓት ቀጥ አድርጌ አሰርኩት። በመጨረሻ ሰም ቀባሁ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የቀኙ፣ ሜዳ የከረመው፣ ያንኑ ያህል ተነክሮ ከግራው ይበልጥ ጠቆረ። ዓመት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ላዩን አሻክረውታል መሰለኝ፤ ቀለሙን ጠጣው። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ፈዛዛ ሆኖ አረፈው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ ማታ

ወንድሜ ለነገ ፍስክ በግ ይዞ መጣ። ሁለቱን ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ፣ እንዲመርጥ። "ለምን አንድ ዓይነት አላደረግሃቸውም?" አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁትን በአንድ ጥያቄ። የአንድ አጋዘን ናቸው አልኩት። አላመነኝም። ጠቆር ያለውን ወሰደ።

አጥሩ ላይ ያሰርኳቸውን ቁራጮች ላይ ብዬ ሳይመሽ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ስምንት ሳምንት ሊሆናቸው ነው። አንዱን ፎይሉን ገልጬ አየሁት። በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ብርሃን ላይ ዞር ሲደረግ ብቻ ይታያል። የክረምት ፀሐይ ቸኩላ አትሠራም። መልሼ ጠቀለልኩት፣ እስከ መጪው የካቲት ይቆያል።

ሁለተኛው ግን የለም። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። ፎይሉ ተቀዳዶ ሳሩ ላይ ወድቋል። ስኩዊረሎች ለካልሲየምና ፎስፈረስ ሲሉ ቀንድ እንደሚበሉ ባልደረባዬ ነግሮኝ ነበር። ጎረቤት ያለው ኦክ ዛፍ ላይ አንዷ ተቀምጣ የሆነ ነገር ትቆረጥማለች።